ሰላምታ የሚያስጨርስ ማርሽ

ባሕር ዳር ሄዳችሁ ሳይክል እንዳትገዙ። ካማራችሁም ግዙ፤ ግን እዚያው ነድታችሁ፣ እዚያው ሸጣችሁ ተመለሱ። ጎንደር ይዛችሁት ከመጣችሁ የደረሰብኝ ይደርስባችኋል። ምን ደረሰብህ ካላችሁኝ፣ እኔ ወሬ የምሰስት ሰው አይደለሁም። በአንዲት ሳይክል ምክንያት የሰው ትዳር ላፈርስ ለጥቂት ነው የተረፍሁ።

ነገሩ የጀመረው ከሆዴ ነው። ቤቴ አዘዞ ነው፤ ፒያሳ ደግሞ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። እዚያ ቀኑን ሙሉ የሚንቀሳቀሰው ማሽኑ እንጂ እኔ አይደለሁም። ባለቤቴ አልጣሽ፣ ዕድሜ ይስጣትና፣ ያሰበችውን ሳትናገር የምታድር ሴት አይደለችም። አንድ ምሽት በሩን ከፍታ ቆመችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሆድህ ገብቶ እስኪያልቅ እኔ በር ይዤ መቆሜ ነው?» አለችኝ። ቀስ ብላ ብትናገር ምን ነበረበት? ጎረቤት ሰማ። ጎረቤት ከሰማ በኋላ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልሁም።

በእግርህ ለምን አትሄድም የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አልጣሽም ብላኛለች። ግን እኮ በእኛ ከተማ በእግሩ የሚሄድ ሰው ስፖርት ሠራ አይባልም፤ ታክሲ አጣ ነው የሚባለው። ስለዚህ ባሕር ዳር ዘመድ ጥየቃ በሄድሁበት አንድ ኮርሳ ገዝቼ ተመለስሁ። ኮርሳ ያልኋችሁ ያቺን ጎማዋ የቀጠነ፣ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ የእሽቅድድም ሳይክል ነው። ሻጩ «ይቺ ትበራለች» አለኝ። አልዋሸም፤ ሐይቁ ዳር ስሞክራት በረረች። ባሕር ዳር ሜዳ መሆኑን፣ ጎንደር ግን ከአልጋው ተነሥቶ የቆመ አገር መሆኑን እኔም አላሰብሁ፣ እሱም አላስታወሰኝ።

በማግሥቱ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሳይክሌ ተነሣሁ። ፒያሳ የደረስሁት ሳይክሏን በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ነው።

ወዲያው ቀሐ ወንዝ አጠገብ ሳይክል ወደሚጠግን ደሳለኝ ወደሚባል ጎልማሳ ወሰድኋት። ደሳለኝ ሲሠራም ሲበላም ሲያወራም ካቻቢቴው ከእጁ አይለይም። ዞር ዞር ብሎ አያትና ሳቁን መያዝ አቃተው። «ጋሼ፣ ይህ የፊቱ ጥርስ ትሪ ያክላል፤ የኋላው ደግሞ የስኒ ማስቀመጫ ነው። ለዳገት እኮ ተገላቢጦሹ ነው፤ ፊት ትንሽ፣ ኋላ ትልቅ! እግርህ ብዙ ይዞራል፣ ጎማው ቀስ ይላል፣ ዳገቱ ይቀልሃል። አምጣት፣ ቀላል ማርሽ ልግጠምላት።»

ቀላል ማርሽ! እኔ? የጎንደር ልጅ? ደሜ ፈላ። «ደሳለኝ፣ ማርሹን የሚያቀል ሰው አቅሙን ያወቀ ሰው ነው፤ እኔ ገና አላወቅሁትም» አልሁት። አሁን ሳስበው ምን ማለቴ እንደነበር አይገባኝም፤ ያን ጊዜ ግን በጣም ትልቅ ነገር የተናገርሁ መስሎኝ ነበር። ደሳለኝም የመሰለው ይመስለኛል፤ ካቻቢቴውን አስቀመጠ። ካቻቢቴ ሲያስቀምጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ጋሼ፣ አንደበትህ ሸጋ ነው። አንድ ነገር ላስቸግርህ» አለኝና የልቡን ዘረገፈው። እናኑ የምትባል መምህርት ይወዳል። እሷም ትወደዋለች። አባቷ ኮሶዬ የሚኖሩ መሪጌታ ጥበቡ የሚባሉ ናቸው፤ ኃይለኛ ናቸው አሉ፤ ሽማግሌ ሳይላክ ልጅቷን በዓይን እንኳ አያስነኩም። «ጎረቤቴ አያ ውቤና አጎቴ ሊሄዱልኝ ፈቅደዋል። ሁለቱም ግን ሲናገሩ ቶሎ ይደነግጣሉ። ሦስተኛ ሆነህ ንግግሩን አንተ ያዝልኝ» አለኝ። በአፌ ስመረጥ ደስታዬ ምን ልበላችሁ፣ ስለ ሆዴ ለተነገረኝ ሁሉ ካሰኝ።

እንግዲህ ሽማግሌ ሆኜ ከመላኬ በፊት አገሩን አይቼ ልምጣ ብዬ አንድ እሑድ በዚያችው በከባዷ ማርሽ ወደ ኮሶዬ ወጣሁ። ያን ዳገት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በመኪና ለምትወጡት ዕይታ ነው፣ በከባድ ማርሽ ለሚወጣ ግን ፍርድ ነው። በዚያ ላይ ሳይክሊቱ አንድ ሕግ አላት፤ መቆም አይቻልም። ዳገት ላይ ከቆማችሁ ቆማችሁ ቀራችሁ፣ እንደገና ማስነሣት ዘበት ነው። አፍ መክፈትም አይቻልም፤ ያለቻችሁ ትንፋሽ ለጉልበት ነው የምትበቃው። ቤተ ክርስቲያን ሳልፍ እንኳ እጄን ከመሪው ማንሣት ስላልቻልሁ በአፍንጫዬ ነበር የምሳለመው።

ዳገቱ መሐል ላይ አንድ ነጭ የጠመጠሙ፣ ጃንጥላ የያዙ አዛውንት ከፊቴ ይወጣሉ። ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ መሆናቸው ያስታውቃል። ስጠጋቸው ዞር አሉና ጃንጥላቸውን ከፍ አድርገው፣ «እንደምን ዋልህ ልጄ?» አሉኝ።

መልሱ ነበረኝ፤ የምናገርበት ትንፋሽ ነው ያልነበረኝ። «እህህ» የምትል ድምፅ ወጣችኝ፤ እሷም ከሳይክሏ ይሁን ከእኔ መውጣቷን እንጃ።

በፍጥነት የሚያልፍ ሰው ሰላም ሳይል ቢያልፍ ነገሩ ቶሎ ያልቃል። የእኔ ግን አላልቅ አለ። ሳይክሌ ከአዛውንቱ እርምጃ ጣት በማትሞላ ልዩነት ነው የምትፈጥነው። ስለዚህ ጎን ለጎን ሆነን፣ እሳቸው እያዩኝ፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ ዓይኔን አስፋልቱ ላይ ተክዬ፣ ያን ሁሉ መንገድ አብረን ሄድን። «እንደምን ዋልህ ነው እኮ የምልህ!» አሉ እንደገና። ዝም። «ምነው? ሰው አይደለሁም?» ዝም። ፈገግ ልበል ብዬ ብሞክር ጥርሴ ብቻ ተገለጠ፤ ያም የባሰ ነገር ሆነ። በመጨረሻ መታጠፊያው ገላገለን፤ ሳልፋቸው «ማረኝ» ሲሉ ሰማሁ። ጫፍ ላይ ደርሼ ሣር ላይ ተዘረርሁ፤ ማን እንደሆኑም አልጠየቅሁ።

ማን እንደሆኑ እናንተ ሳታውቁት አትቀሩም። እኔ ያወቅሁት ግን ለሽማግሌነት የሄድን ዕለት ነው።

ጋቢያችንን አጣፍተን፣ ሦስታችንም በሚኒባስ ሄደን፣ ከመሪጌታ ጥበቡ ደጅ ቆምን። ወጡ። እኒያው ባለ ጃንጥላ! ግን ጋቢ ለብሻለሁ፣ ያን ቀን በላብና በቁምጣ ነበርሁ፣ አያውቁኝም ብዬ ተጽናናሁ። «ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ። እኛም እንደ ወጉ «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አልን። አያ ውቤ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ፤ እኔም ሌሊቱን ስለማመደው ያደርሁትን ንግግር ጀመርሁ። «ክቡር መሪጌታ፣ የሩቅ አገር ሰው ዝናዎን ሰምቶ የሚመጣልዎ፣ በረከትዎ የበዛ...»

«ቆይ» አሉ መሪጌታ። ጠጋ አሉኝ። አዩኝ። «አንተ ትናገራለህ?»

«ምን አሉኝ?»

«ያ ከዚያ ዕቃ ላይ ተሰቅለህ ያየሁህ አንተ አይደለህም? እኔ እኮ ዱዳ መስለኸኝ ከዚያን ቀን ጀምሮ በጸሎቴ ሳስብህ ነው የከረምሁት! ምላሱን ፍታለት እያልሁ!»

አያ ውቤ፣ ሲደነግጡ አፋቸው የሚቀድማቸው ሰው ናቸውና፣ «እንግዲህ ጸሎትዎ ሠምሯል መሪጌታ» አሉ።

መሪጌታ አልሳቁም። በተናገርሁ ቁጥር ጥፋቴ ይብስ ነበር። ይቅርታ ስጠይቅ «ለካ ይህን ያህል ቃል አለህ!» ይላሉ፤ ስለ ትንፋሼ ሳስረዳ «አሁን የት አገኘኸው?» ይላሉ። ዝም ስል ደግሞ «ይኸው፣ ጀመረው» ይላሉ። በመጨረሻ ልጁ ምን እንደሚሠራ ጠየቁ። እኔና አያ ውቤ ተያየን። አጎትየው መሬት መሬት እያዩ «ሳይክል ይጠግናል» አሉ።

«ያንኑ ዕቃ!» መሪጌታ ጃንጥላቸውን መሬት አስነኩ። «ስሙኝ። ድኻ ነው ብዬ አይደለም፤ እኔም ድኻ ነኝ። ግን በዚያ ላይ የወጣ ሰው ሰውን ሰላም ሳይል ያልፋል፣ ታቦትን ሳይሳለም ያልፋል፤ ነገ አማቱንም ያልፋል። ልጄን ሰላምታ በሌለበት ቤት አልድርም። ከጾሙ በኋላ ተመለሱ፤ ለአንድ ዲያቆን የተላኩ ሽማግሌዎችም ይመጣሉ። አስቤ እነግራችኋለሁ።»

ይህ በሽማግሌ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ አይነገረውም። በሚኒባሱ ስንመለስ አያ ውቤ ዞር ብለው «ለአንድ ቀን እንኳ ዱዳነትህን ብትቀጥል ምን ነበረበት?» አሉኝ።

ደሳለኝ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ካቻቢቴውን ብቻ ያገላብጥ ነበር። በማግሥቱ እናኑ ራሷ የፎቶ ኮፒ ቤቴ ድረስ መጣች፤ ቀጠን ያለች፣ ፊት ለፊት የምትናገር ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ዲያቆኑን አላገባም። ግን አባቴን አስከፍቼም አልሄድም። ስለዚህ ሳላገባ እቀራለሁ ማለት ነው» አለችኝ። አፈርሁ። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች የእኔን ትንፋሽ ማጠር ተሸክመው ሊቀሩ ነው ብዬ ሳስብ እንባዬ መጣ።

«ከሳይክሉ ወርጄ እግራቸው ላይ ልውደቅ?» አልኋት።

«ከወረድህማ እሳቸው ልክ ናቸው ማለት ነው። አባቴ ያዩትን እንጂ የሰሙትን አያምኑም። በሳይክሉ ላይ ሆነህ፣ በዚያው ዳገት ላይ፣ ሰላም በላቸው። ሙሉውን ሰላምታ።»

ሙሉውን! ሙሉ ሰላምታ በእነሱ አገር ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ? ራስን፣ ሚስትን፣ ልጆችን፣ ጎረቤትን፣ ከብትን፣ አዝመራን ጠይቆ፣ ከዚያ መልሱን ሰምቶ፣ ከዚያ ለመልሱ «እሰይ» ብሎ ነው። ይህ የሚሆነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ቀሐ ወረድሁና «ደሳለኝ፣ ማርሹን አቅልልኝ» አልሁት።

«ምን ያህል ላቅልለው?»

«ከብት እስከምጠይቅ ድረስ።»

ሥራ ጀመርን። እሱ የኋላውን ጥርስ ይለውጣል፤ እኔ ከቀሐ ወደ ፒያሳ በሚያወጣው ዳገት እነዳለሁ፤ እሱ መሪጌታን ሆኖ ከጎኔ ይሄዳል። ጃንጥላ ሁሉ ተውሶ ይዞ ነበር። በመጀመሪያው ጥርስ «እንደምን ዋሉ» ብዬ ቀረሁ። ከዚያ ከፍ ያለ ገጠመልኝ፤ ሚስት ተጠየቀች፣ ልጆች ላይ ስደርስ ዓይኔ ጨለመ። «ከብቶቹስ?» ይለኛል ደሳለኝ ከጎኔ። «ከብቶቹ ይቅሩብኝ!» እላለሁ። «አይቀሩም፤ አባቷ ላሞቻቸውን ይወዳሉ!» መንገድ ዳር ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት እናት ይህን ሁሉ ሲያዩ ቆይተው፣ «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ተሠቃይተህ ከምትወጣ ወርደህ ብትገፋው?» አሉኝ። አልጣሽ የላከቻቸው መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻ ደሳለኝ ተናደደና የፊቱን ትሪ አውልቆ ትንሽ ጥርስ አደረገበት፤ ለኋላው ደግሞ ከየት እንዳመጣው እንጃ ከትንንሾቹ ጥርሶች ጎን የሾርባ ሳሕን የሚያክል ገጠመ። ወጣሁ። እግሬ እንደ ስፌት መኪና ይሽከረከራል፤ ሳይክሏ ግን ከቆመች ትለያለች ለማለት ያህል ብቻ ነው የምትሄድ። ራስን ጠየቅሁ። ሚስትን፣ ልጆችን፣ ከብቶችን ጠየቅሁ። አዝመራውን ጠየቅሁ። ትንፋሼ አላለቀም! ፒያሳ ስደርስ ደሳለኝን ስለ ንቦቹ እየጠየቅሁት ነበር። አልፎን የሄደ የለም እንዳልላችሁ፣ ባለ ሽንኩርቷ እናት ዕቃቸውን አዝለው አልፈውናል።

«ይኸው ነው» አለ ደሳለኝ። ጎንበስ ብሎ በካቻቢቴው ከኋላው ጎማ አጠገብ የሆነች ነገር አጠበቀ። ምንድን ናት ብዬ ስጠይቀው «ምንም፣ ለደኅንነት ናት» አለኝና ዓይኑን ሰበረ። ልጠረጥር ሲገባኝ አልጠረጠርሁም።

ጾሙ ተፈታ። ዲያቆኑ የላካቸው ሽማግሌዎች ከሰዓት በኋላ እንደሚመጡ እናኑ ነገረችን። አያ ውቤና አጎትየው በሚኒባስ ቀድመው መሪጌታ ደጅ ሊጠብቁ ሄዱ። እኔ ከዳገቱ ሥር፣ በሳይክሌ ላይ፣ ቅዳሴ እስኪወጣ ጠበቅሁ።

መጡ። ጃንጥላቸው፣ ነጭ ጥምጥማቸው፣ ፈጠን ያለ እርምጃ። እህል ያልቀመሰ ሰው ወደ ቤቱ የሚሄድበት እርምጃ ነው። ከጎናቸው ገባሁ።

«እንደምን ዋሉ መሪጌታ!»

ዞር አሉ። እኔን አዩ፣ ሳይክሏን አዩ። «አፍህ ተከፈተ?»

«ተከፈተ መሪጌታ! ለመሆኑ ደኅና ነዎት? ጤናዎስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። «አንተስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን! እሜቴስ? ልጆቹስ? የልጅ ልጆቹስ?» ሁሉም ደኅና ናቸው። መንገዱ ታጥፎ ቤተ ክርስቲያኑ ሲታየን እሳቸው አማተቡ፤ እኔም እጄን ከመሪው አንሥቼ አማተብሁ። አልወደቅሁም! በጨረፍታ ሲያዩኝ አየኋቸው። ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ ራሴን እንደማልገዛ አልጣሽ ብትኖር ትነግራችሁ ነበር።

ላሞቹን ጠየቅሁ፣ በስም በስማቸው፤ እናኑ አስጠንታኛለች። በሬዎቹን ጠየቅሁ። ገብሱን፣ ባቄላውን፣ ውርጭ መምታት አለመምታቱን ጠየቅሁ። የቆሎ ተማሪዎቻቸውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ፣ የጎረቤታቸውን የወገብ ሕመም። መሪጌታ መጀመሪያ ሙሉ መልስ ይመልሱ ነበር፤ ኋላ «ይመስገን» ብቻ ሆነ፤ ከዚያ ራሳቸውን መነቅነቅ ጀመሩ። እርምጃቸውን ሲያፈጥኑ እኔም ፔዳሉን አፈጥናለሁ። ቀስ ሲሉ ቀስ እላለሁ። አንድ ቦታ ላይ ደክሟቸው ቆሙ፤ እኔ ግን መውረድ አልፈለግሁም፣ ወርጄ ሥራውን ሁሉ ላበላሸው? ስለዚህ አስፋልቱ ላይ ዙሪያቸውን እየዞርሁ ስለ ንቦቹ ጠየቅኋቸው። በዞርሁ ቁጥር አንገታቸውን እያዞሩ ሲመልሱልኝ ጥምጥማቸው ዘመም አለ።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ ጃንጥላቸውን ተደግፈው፤ ያለከለኩት እሳቸው ነበሩ። «ልጄ፣ ገብቶኛል። ዕቃው ሰላምታ ይችላል። ከሰውም በላይ ይችላል። ልጁ ይህን የሠራ እጅ ካለው ሸጋ ልጅ ነው።»

«ታዲያ መሪጌታ...»

«ሰጥቻለሁ! ልጄን ሰጥቻለሁ። ሲመጡ ለእነዚያኞቹም እነግራቸዋለሁ። አሁን በእመብርሃን ይዤሃለሁ፣ እህል አልቀመስሁም፣ ማርሽህን ለውጥና ቀድመኸኝ ሂድልኝ!»

እልል ማለት ዳዳኝ። ደሳለኝ ታየኝ፣ እናኑ ታየችኝ። «እሺ መሪጌታ! ወዲያው!» ብዬ ማርሽ መቀየሪያውን ተጫንሁ። ምንም የለም። ደግሜ ተጫንሁ። ጎንበስ ብዬ ባየው፣ ያቺ ለደኅንነት ናት የተባለችው ቡሎን ሰንሰለቱን ከሾርባ ሳሕኑ ላይ ንቅንቅ እንዳይል ይዛዋለች። ደሳለኝ ኩራቴ ተመልሶ በመንገድ ላይ ወደ ከባዱ እንዳልቀይር ፈርቶ ኖሯል። ወይ ደሳለኝ! እንደ እናቴ ልጅ አውቆኛል።

ቀድሜ እንዳልሄድ ማርሽ የለኝም። ወደኋላ እንዳልቀር ደግሞ የደሳለኝ አማት የሚሆኑ አዛውንትን መንገድ ላይ ጥሎ መቅረት ነውር ነው።

«መሪጌታ» አልሁ ቀስ ብዬ፣ «ይቅር ይበሉኝ፤ ከዚህ የሚፈጥን የለኝም።»

መሪጌታ ጥበቡ እኔን አዩ። የቀረውን ዳገት ቀና ብለው እስከ ጫፉ አዩት። ከዚያ ረጅም ተነፈሱ፣ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ግማሹን ወደ እኔ አደረጉልኝ።

«እንግዲያውስ» አሉ መራመድ እየጀመሩ፣ «ቡሬ ላሜ ልትወልድ መድረሷን ነግሬሃለሁ?»